ጆሮ የሌለው ወር

አባታችን ከሊፋ የብየዳ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ፣
የረጀብ ጨረቃ በታየች ማታ ማሽኑን ከሶኬት ነቅሎ፣
«ይህ ወር ደንቆሮ ነው» ይለን ነበር፣ የተደፋ በርሜል ላይ ቁጭ ብሎ።
«የጥንት ዓረቦች ረጀብ ሲገባ የጦራቸውን ብረት ከዘንጉ ነቀሉ፤
ደም የሚፈላለጉት እንኳ መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ተባባሉ።
ብረት ከብረት ሲጋጭ ወሩ አይሰማም፤ ጆሮ የለውም፤
ደንቆሮ ያሉት ለዚህ ነው፤ ክብሩ ነው እንጂ ስድብ አይደለም።»

እኛ እንስቅ ነበር።
ሙደሲር ጆሮዎቹን በሁለት ጣት ደፍኖ፣
«ምን አልክ አባ? አልሰማሁም፣ ረጀብ ነኝ!» ይላል፣ ወሩን ሆኖ።

አሁን አባታችን የለም።
ጋራዡን ለሁለት ከፍሎታል የዛገ ቆርቆሮ፤
ወዲያ የወንድሜ መዶሻ፣ ወዲህ የእኔ ኑሮ።
በአፍ ካወራን ሦስት ዓመት አለፈ፤ በመዶሻ ግን እንነጋገራለን፤
እሱ ሦስት ሲመታ እኔ አራት፣ እንዲህ እንሰዳደባለን።
የአዳማ ንፋስ ጉብታው ላይ ትልልቆቹን ክንፎች አዙሮ ሲመጣ፣
አቧራውን እኩል ያካፍለናል፤ ለማንም አያዳላ፣ ማንንም አይቀጣ።
የጅቡቲ መኪና ሲያልፍ ግድግዳችን አንድ ላይ ይንቀጠቀጣል፤
ፍርድ ቤት ስንሄድ ግን አንዳችን ቀኝ፣ አንዳችን ግራ ይቀመጣል።

ዘንድሮ ቆርቆሮው በቃኝ አልኩ፤ የብረት አጥር ጀመርኩ፤
ቁመቱ ሁለት ሜትር ተኩል፣ ጫፉ ላይ ጦር ደረደርኩ፤
ለሀብታም ግቢ እንደምንሠራው፣ ቅጠል የመሰለ ጦር፣
አርባ አንድ ፍሬ።
አንድ በአንድ ስሞርዳቸው ሌባ አልነበረም የማስበው፣ ወንድሜን ነበር።

ሠላሳ ስምንተኛውን በይጄ ስጨርስ የመግሪብ አዛን ተሰማ፤
ሰግደን ስንወጣ አንድ ሽማግሌ በሞጆ መንገድ በኩል፣ ወደ አቧራማው ጨለማ
ጣታቸውን ቀስረው «ያቻት» አሉ።
ቀጭን ናት፤ የተሰበረ የግራይንደር ዲስክ ስባሪ ታክላለች።
ረጀብ ገባ።
የአባቴ ድምፅ ከበርሜሉ ተነስቶ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ሦስት ጦር ይቀረኛል፤
ሱሪ እጥፋት ውስጥ እንደገባ የብየዳ ፍንጣሪ ነገሩ ያቃጥለኛል።
ጾም ይቀላል፤ ሆድ ይለመዳል፣ ምላስም ቀስ በቀስ ይገራል፤
ጥል የለመደ እጅ ግን ባዶውን ሲውል ምን ይሠራል?

ጠዋት ማሽኑን አልሰካሁም፣ መዶሻዬን አላነሳሁም፤
ደንበኛ መጣ፣ «ነገ» አልኩት፤ «ምነው?» ሲለኝ አልመለስኩም።
እስከ ዙህር ዝም።
ከቆርቆሮው ወዲያ የወንድሜ መዶሻ ሦስት መታ፤
ጠበቀ።
ደግሞ ሦስት መታ፤
ጠበቀ።
ከዚያ እሱም ተወው።

ወደ ዐስር ሰላት ገደማ ቆርቆሮው ተንኳኳ፤
በመዶሻ አልነበረም፣ በጣት አንጓ።
«ሸረፋ።»
ሦስት ዓመት ያልጠራው ስሜ ጉሮሮው ላይ ዝጎ ነበር።
«አሞሃል እንዴ? ዝም አልክብኝ።»

«ደህና ነኝ» አልኩ። «ረጀብ ነው።»

ባጃጅ አለፈ። ሌላ ባጃጅ አለፈ።
ከዚያ ከወዲያ፣ የአርባ ስድስት ዓመት ጎልማሳ፣ በዘጠኝ ዓመት ድምፁ፦
«ምን አልክ? አልሰማሁም፣
ረጀብ ነኝ።»

አልታረቅንም፤ ውሸት አልጽፍም።
ቀጠሯችን ሻዕባን ላይ ይውላል፤ ዳኛው ይህንን ካላንደር አያውቁትም።
የእኔ ዲስክ አልቆ ነበርና የራሱን ግራይንደር በቆርቆሮው ስር ገፋልኝ፤
እጁን እስከ አንጓው አየሁት፤ የአባቴ እጅ መሰለኝ።

ሠላሳ ስምንቱንም ጦር ቆረጥኩ፤ ፍንጣሪው እስከ ዒሻ በራ፤
ብረቱ እየጮኸ፣
ሰፈሩን ሁሉ እየረበሸ።
የአባታችንን በርሜል አቃንቼ አንድ በአንድ ስጥላቸው፣
ያ ደንቆሮ ወር ይህቺን ድምፅ፣
ይህቺን ብቻ፣
ሳይሰማት አልቀረም።