ልክ

ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ላይ፣ አስፋልቱ ሲያበቃ፣
አራተኛው ፎቅ ላይ፣ ከጥቂት ቢሮ ዕቃ፣
ከስድስት ወንበሮች፣ አንዱ እግሩ ሰባራ፣
በሦስት ወር አንዴ ይታፈሳል አዝመራ።
ስሟን «ልክ» ብለናት፣ ልካችንን ሳናውቅ፣
መጽሔት እናትማለን፣ ማንም ሳይጠይቅ።

እኔ ሂሳብ ያዧ ነኝ። ገቢና ወጪ ነው የኔ ሥነ ጽሑፍ፤
በግራው ዓምድ ጠብታ፣ በቀኙ ዓምድ ጎርፍ።

ትርሲት አዘጋጇ ቁጥር ስትመረምር
ጤፍ ገበያ እንዳለች ሴት ናት፤ ለጠጠር አትምር።
«‹ሰዉ ይላል› አይበቃም። ስንት ሰው? የቱ ሰው?»
አብዲሳን ለውኃ ወረፋ ሰደደችው።
ከኮዬ እስከ ገላን ቢጫ ጀሪካን ቆጥሮ፣
ቦቴ ከሚጠብቁት ሴቶች ጋር አድሮ፣
መጣ፣ ይዞ አንድ ዓረፍተ ነገር፦
ቧንቧ ያለው ቤት ከሚከፍለው
ቧንቧ የሌለው አሥራ አንድ እጥፍ ይከፍላል።
አንዲት ዓረፍተ ነገር፤
ለታክሲ፣ ለአበል፣ ለስልክ ካርድ፣ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ ብር።
ደረሰኙን ለጠፍኩ። ውድ ነው አላልኩም፤
እውነትን ከዚያ በታች ገዝቼ አላውቅም።

ድሮ ለጋሽ ነበረን። ባለፈው መስከረም
ደብዳቤ ጻፈልን፣ ጨዋ ነው፣ አይሳደብም፦
«ሥራችሁን እናደንቃለን፤ ትኩረታችን ግን ዞሯል።»
ትኩረት እንደ ጥላ ነው፣ ፀሐይ ስትዞር ይዞራል።

በጥቅምት መጨረሻ ደግሞ አንድ ሰው መጣ፤
ነጭ መኪናውን ጭቃ ውስጥ ትቶ እያለከለከ ወጣ።
ከአቃቂ ማዶ የድንጋይ ካባ አለው።
«የኋላ ሽፋን፣ በቀለም፣ ለአራት እትም እገዛለሁ።
አንዲት ነገር ብቻ...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ።
አንዲቷ ነገር ገጽ ሃያ ሁለት ነበረች፤
ስለ ካባው አቧራ፣ ስለ ሕፃናቱ ሳል።
ትርሲት ዝም። እኔ በልቤ ደመርኩ፦
የማተሚያ ቤት ዕዳ፣ የሁለት ወር ኪራይ፣ የአብዲሳ ደመወዝ።
ከሰውየው ቼክ ጋር እኩል መጣ። ሳንቲም አልጎደለም።

ካባ ሊያለብሰን መጣ፣ ካባውን ሊያስሸፍን፤
«የዚህ ሰፈር ብርድ» አለች ትርሲት፣ «ለምዶናል እኛን።»

ሲወርድ እርምጃውን ቆጠርኩ። ሰባ ሁለት ደረጃ።
በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ ልጠራው አሰብኩ።
ይህን ለትርሲት ነግሬያት አላውቅም።

እትሟ በዱቤ ወጣች፣ ገጽ ሃያ ሁለትን ይዛ።
በሦስተኛው ሳምንት ደረጃው ላይ የፕላስቲክ ጫማ ሰማሁ።
«እዚህ ነው ወይ የሚጻፈው?
ልክየለሽ እባላለሁ።»
ስሟ ነው፤ አልቀለደችም።
መጽሔቷን ከፌስታል አውጥታ
ልጇ ያጠፈላትን ገጽ ገለጠች፦
«እዚህ ጋ ሠላሳ አንድ ሴት ይላል።
ያን ሌሊት ሠላሳ አራት ነበርን።
አስካለ፣ ወሰኔ፣ እኔ፣
ከቦቴው ጀርባ ነበርን፤ ልጁ አላየንም።
ሦስታችን የት ገባን?»

ትርሲት ቀላች። ጤፉ ውስጥ ጠጠር አልነበረም፤
ሦስት ፍሬ ጎድሎ ነበር እንጂ።
አብዲሳ ደብተሩን አገላብጦ፣ አገላብጦ፣ ከደነው።
«ይታረማል» አልናት።
«ሲታረም አምስት ቅጂ አስቀምጡልኝ» ብላ
የመቀነቷን ጫፍ ፈታች፦
«ከሁላችንም አሥር አሥር ብር ነው። ቁጠሪው።»
ሦስት መቶ አርባ።
ቆጠርኩት። ልክ ነው።

ማታ መዝገቤን ከፈትኩ። እርዳታ አልለው፣
ማስታወቂያ አልለው፣ ሽያጭ እንዳልለው
ከአምስት ቅጂ ዋጋ ይበልጣል።
አዲስ መስመር አሰመርኩ፤ «ከወረፋው» ብዬ ጻፍኩበት።

የማተሚያ ቤቱ ዕዳ ግን ንቅንቅ አላለም፤
በዚያው ገጽ፣ በቀኙ ዓምድ፣ ተዘርሮ ተኝቷል።
ከታች ጀሪካን ይንኳኳል። ሐሙስ ነው፤
ዛሬ ሌሊት ውኃ ይመጣል ይሉናል።