በጉልበቱ የሚሰማ

ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም፣
ከቆርቆሮው በቀር የሚናገር የለም።
"ዛሬ ስለ ድምፅ ነው" ብዬ ስጮህባቸው
አንዱ "አልሰማንም!" አለ፤ ሳቅ ያዛቸው።

ሠላሳ አንድ ናቸው፣ ጥርስ የሚቀይሩ፣
ጃቫ ላይ፣ ከሩዝ ማሳ ጥግ የሚኖሩ።
የአባቶቻቸው ሥራ ጎንግ መቀጥቀጥ ነው፤
ክብ ነሐስ፣ መሐሉ እንደ እምብርት ያበጠው።
እኔ አምና የመጣሁ የከተማ መምህር፣
ስለ ነሐስ የማውቀው ቀለሙን ነበር።

ድስት አፍ ላይ ፕላስቲክ ወጥሬ አሰርኩ፣
ከወጥ ቤት ለምኜ እፍኝ ሩዝ በተንኩ።
"ሳትነኩት ጩኹበት!" አልኳቸው። ጮኹበት።
ሩዙ ብድግ አለ፣ ዘለለ፣ ሮጠበት።
ጋሊህ ከጠረጴዛው ሥር አጎንብሶ ገባ፣
የሚያዘልለውን ሊይዝ፣ እንደ ሌባ።

ማንም የለም፣ ጋሊህ። ያንተው ጩኸት ነው፤
አየሩን ገፋው፣ አየር አየርን ገፋው፣
እንደ ገበያ ግፊያ፣ ከሰው ወደ ሰው፤
ሰዎቹ እዚያው ቆመው ግፊያው ብቻ ሄደ፣
ፕላስቲኩ ጋ ሲደርስ ሩዙን አሳበደ።

"ስለዚህ ድምፅ ማለት መንቀጥቀጥ ነው" አልኩኝ፣
ሰሌዳው ላይ ጻፍኩት፣ ሁለቴ አሠመርኩኝ።
"በአየር ይሄዳል፣ በጆሮ ይገባል፤
ጆሮው የተዘጋ ከወዴት ያገኛል?"

ላራስ እጇን አወጣች። ብዙ አታወራም።
"የኔ አባት በጆሮው አንዳችም አይሰማም፤
እሱ የሚሰማው በጉልበቱ ነው" አለች፣
ክፍሉ በሳቅ ሲፈርስ ዓይኗን መሬት ተከለች።
እኔም፣ ልናዘዝ እንጂ፣ ትንሽ ፈገግ አልኩ፣
"በኋላ እናያለን" ብዬ አለፍኩ።

ሐሙስ ከሰዓት ግን ላራስ እጄን ያዘች፣
ከሰል የሚጤስበት ደጅ ጎትታ አደረሰች።
አባቷ ፓርዲማን፣ ቅንድቡን እሳት የላሰው፣
አዲስ ጎንግ ሰቅሏል፣ ገና ያልጨረሰው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ የወረደ መዶሻ
ጆሮውን ቀጥቅጦታል እስከ መጨረሻ።

ሰላም አልኩት፤ ዝም። ዞር እንኳን አላለም።
ከእንጨቱ ጋር ነበር ጨዋታው፣ ከኔ አይደለም፤
ጎንጉ ከተሰቀለበት ግንድ ጉልበቱን አስጠግቶ
መታው፣ ጨርቅ በለበሰ ዱላ፣ አንዴ፣ አመንትቶ።

ድምፁ ሆዴ ገባ። ጥርሴ ሥር ተኛ።
ያብጣል፣ ይሟሽሻል፣ እንደ ሕልመኛ።
"ሞገዱን ይቁጠሩ" አለች ላራስ፣ "መምህርት፤
አምስት ነው የሚፈለገው፣ አሁን ያለው አራት።"

ጆሮዬ ደህና ነው። ሦስት ላይ ጠፋብኝ።
እሱ ግን አራት ጣት አንሥቶ አሳየኝ፣
ሞረዱን ወስዶ ጀርባውን ፋቀው፣
እንደገና መታ፤ ዓይኑን ጨፈነው።

አምስት።

ነሐሱ ጉልበቱን ወሰደ፣ ጉልበቱን ተወለት።
ይህን ለልጆች እንዴት አድርጌ ላስረዳበት?

ዓርብ፣ "በጆሮ ይገባል" ያልኩትን አጠፋሁ፤
በምትኩ የሚጻፍ አንድም ቃል አጣሁ።
"ሱሪ ሰብስቡ" አልኩ፣ "ቀሚስም ከፍ ይበል፣
ጉልበት ከጠረጴዛው እግር ጋር ይጣበቅ፣ ዝም ይባል።"
ላራስ ከወዲያ ጫፍ በቡጢዋ መታች፤
አንዷ ልጅ "ኮረኮረኝ!" ብላ ጮኸች።

የዕረፍት ደወል ተደወለ፤ ሁሉም ወጥቶ በነነ።
ጋሊህ ብቻ ቀረ፣ ጉልበቱን እንደደገነ።
"ና እንጂ፣ ውጣ" አልኩት። ዝናቡ አላባራም።
ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ፦ "ቆይ፣ ገና አላለቀም።"