የጢሱ ዓመት

ለመቅመስ አልነበር የኔስ አመጣጤ፣
የጋን ማቀዝቀዣ ጠፍቶ ነው መሮጤ፤
ዱዋርቴ ደውሎ «ጋኑ ሞቀ» ቢለኝ፣
ሣጥኔን ሸክፌ ዳገት ተቀበለኝ።
ከናራማታ በላይ፣ ሐይቁን ቁልቁል እያየሁ፣
በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰትኩ ወጣሁ።

ወይኑ በየረድፉ በሽቦ ተወጥሮ፣
እንደ ተማሪ ቤት በወግ ተደርድሮ፤
አንድ ሐረግ ብቻ ከሰልፉ ወጥቶ፣
ወደ ጎረቤት ቼሪ እጁን ዘርግቶ።
«ሜዴሮስና ልጆች» ይላል ሰሌዳው፤
ልጆች የተባለው ዱዋርቴ ብቻ ነው።
እህቱ ቶሮንቶ ጥርስ ትነቅላለች፣
ገና ሲደርስ መጥታ መሬት ታስገምታለች።

ሁለት ሰዓት ሙሉ ከጋን ሥር ተኝቼ፣
የተቃጠለውን ሞተር ብሎን በብሎን ፈትቼ፤
ዱዋርቴ ከራሴ በላይ ባትሪ ይዞ፣
«ይድናል?» ይለኛል፣ ፊቱ ደንዝዞ።
የዓመት ልፋት ነው እዚያ ውስጥ የሚተነፍሰው፣
ከሠላሳ ዲግሪ አልፎ ቢፈላ ማን ሊመልሰው?
እጄ በግሪስ ጠቁሮ፣ ጉልበቴ ጭቃ ሆኖ፣
ጋኑ ያንኮራፋ ጀመር እንደ ጥንቱ ድኖ።

ደረሰኝ ልጽፍ ስል እናቲቱ መጡ፣
ዶና ፊሎሜና፤
«ሳትቀምስማ አትሄድም፣ እጅህን ታጠብና ግባ» ብለው ተቆጡ።

የመቅመሻው ክፍል ድሮ ጋጣ ነበር፣
የፍየል ማሰሪያ ቀለበት ይታያል ከግንቡ ሥር፤
ከላዩ ብርጭቆ ቁልቁል ተሰቅሏል፣
ከካርድ ማሽኑ ጎን መቁጠሪያ ተኝቷል።
ከረጅሙ ጠረጴዛ የካልጋሪ ሰዎች፣
አፍንጫ ነክረዋል በየብርጭቆዎች፤
«ቼሪ ይሸታል» አንዱ፣ «ቆዳ» ይላል ሌላው፣
«እርጥብ ድንጋይ» አለ ባለ ባርኔጣው።
(ድንጋይ መቼ ቀምሶ? አልኩኝ በልቤ።)
ጎርሰው፣ በጉንጫቸው ወዲያ ወዲህ ንጠው፣
እንትፍ! ከባልዲው ውስጥ። ክው አልኩኝ ሳያቸው።
በእኛ ዘንድ እንትፍታ የሽማግሌ ነው፣
«እደግ፣ ይቅናህ» ብሎ ልጁን ሲመርቀው።
እኔም ነጂ ነኝና፣ ቁልቁለቱም ክፉ፣
ነጩንም ቀዩንም እንትፍ፣ ከባልዲው ከአፉ፤
ባልዲውን «እደግ» አልኩት።

እንግዶቹ ሄዱ ካርቶን ተሸክመው፤
እሳቸው በሩን ገፋ፣ መለስ አድርገው፣
ከባንኮኒው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጡ፣
ስም የለሽ፣ ምልክት የለሽ፤ አቧራውን በሽርጥ ጠርገው ሰጡ።

«ተራራው የነደደ ዓመት ነው» አሉ ቀስ ብለው፤
«ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ፀሐይን በባዶ ዓይን ያየናት ያን ጊዜ ነው።
ፍሬው ጢሱን ጠጣ። ባለሙያ መጣ፣
‹አይሸጥም፣ ይደፋ› ብሎን ወጣ።
ባሌ ግን አልደፋም፣ አንድ በርሜል ደበቀ፤
ሳይቀምሰው፣ በጥር፣ ደጁ በረዶ ላይ ወደቀ።»

«ወይኔ!» አልኩኝ ሳላስብ፣ በቋንቋዬ፣ በአፌ።
«ምን ማለት ነው?» አሉ።
«ሐዘን ሲደርስ እንላለን»፤ ከዚያ ጥቂት አርፌ፣
«ደግሞም ‹የኔ ወይን› ማለት ነው፤ ቃሉ አንድ ነው» አልኳቸው።
ደገሙት። «ወይኔ»። አንዴ ወደ ጠርሙሱ፣
አንዴ ወደ መስኮት፣ ወዲያ፣ ወደ እሱ።

ቀዱልኝ።
አመድ ነው መግቢያው፤ ኋላ ግን፣ ቆይቶ፣
አንድ ጣፋጭ ነገር፣ ደጅ እንደሚጠና፣ ገባ አመንቶ።
«እናቶቻችን ጋኑን በወይራ ጢስ ያጥናሉ፣
ያለ ጢስማ ጠላ ጠላ አይሆንም ይላሉ»
ብላቸው ሳቁ፦ «ያንን ባለሙያ እናንተ ዘንድ ልላከው?»

ባልዲውን በእግራቸው ጠጋ አደረጉልኝ።
ዋጥኩት።

ስለዚህ አንድ ሰዓት ተኩል፣ መኪናዬ ውስጥ፣
ቁልፉን ኪሴ ከትቼ፣
ሐይቁ ወይን ጠጅ እስኪመስል፣
ጋኑ ከግንቡ ማዶ ሲያንኮራፋ ሰማሁ።
ደረሰኙን ሳልጽፍ እንደወጣሁ ትዝ ያለኝ
ታች፣ ከድልድዩ ስደርስ ነው።