ወንዱ ፓፓያ

ከቀፊራ ገበያ አንድ ፓፓያ ገዝቼ፣
ሥጋውን ለልጆች በሣህን ሰጥቼ፣
ሆዱን ለራሴ አልኩ፤ በማንኪያ አውጥቼ
ዘሩን ቆጠርኩት፤ ቁንዶ በርበሬ መሳይ፣
ልጋግ የለበሰ፣ ጣት መሀል የማይቆይ።
በደቻቱ አሸዋ ልጋጉን አሽቼ፣
ሁለት ቀን ከጥላ በጨርቅ ላይ አስጥቼ፣
የወተት ጣሳውን ቂጡን በምስማር በስቼ፣
ዘራሁት። ማታ ነው፤ የድሬ ፀሐይ ቀን ቀን
ውሃውን ትታ ነው የምትጠጣ ባልዲውን።

ሃያ ሁለት ቀን ዝም። ልደፋው ስል ነበረ፤
በሃያ ሦስተኛው አፈሩ ተሰበረ፤
አንዱ አንገቱን ደፍቶ፣ አንዱ ቀና ብሎ፣
ሦስተኛው ቅርፊቱን እንደ ቆብ አንጠልጥሎ።
ሦስቱን በአንድ ጉድጓድ፤ ወጉ ነው ሲተከል፣
ሳያብብ ጾታውን ማወቅ ስለማይቻል፤
ሲያብብ ሴት ትቀራለች፣ ወንድ ይነቀላል።

ስሜ ወንድነሽ ነው። ሦስተኛዋ ሴት ነኝ።
አባቴ ከደጅ ቆሞ እልልታ ሲቆጥርልኝ፣
ሰባት ይደርሳል ሲል ሦስት ላይ ቀጥ አለ፤
«ወንድነሽ በሏት» ብሎ ወደ ዲፖው ኮበለለ።
ይኸው ዘመን ዞሮ፣ ግቢው ሁሉ ባንድ ቃል
ጉድጓዱን ከብቦ «ሴት ያድርገው» ይላል፤
አምስት ወንድ ወልዶ ደረቱን የሚነፋው፣
«ሴት ያርግልሽ» አለኝ ጋሽ ወንድይፍራው።
በዕድሜዬ ይህን ምርቃት ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

አንዱን ፍየል በላው፣ የመፍቱሃ ፍየል፤
ለካሳ የሮማን ቁራጭ፣ አንድ ስንዝር የምታክል፣
እርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ላከች በልጇ በኩል፦
«ይቺ አታጨቃጭቅም፤ ቅርንጫፍ ብትተክዪ
እናቲቱን ራሷን ነው የምታበቅዪ፤
ዘር ግን ሎተሪ ነው።»
እውነቷን ነው። ሮማኗ በወሩ አቆጠቆጠች፣
ምንም አልደበቀች፣ ቁርጥ እናቷን መሰለች።

ሁለተኛውን የሰኔ ንፋስ ከወገቡ ቀጨው፤
አንዱ ቀረ። አደገ። የጣራውን ጫፍ በለጠው።
በስምንተኛው ወር የአበባው ወግ ደረሰ፤
በረዥም ክር ላይ ነጭ ነጭ ለበሰ፣
እንደ ሰርግ ቤት ጌጥ ንፋስ እያወዛወዘው።
የሴቷ እንዲህ አይደለም፤ ግንዷን የሙጥኝ ብላ
ከቅጠል ብብት ስር ናት፣ አትወጣም ተንጠልጥላ።
ገባኝ።
ወንድ ነው።
አባቴ ቢኖር ኖሮ ሰባቱን ባንድ ትንፋሽ እልል ይልለት ነበር።

«ችንካር ነው መድኃኒቱ» አለ ጋሽ ወንድይፍራው፣
የሐዲድ ችንካር ይዞ፣ ዝገት የበላው፣
ሠላሳ ዓመት ባቡር ሲጠግን ያስቀረው፤
«ግንዱን ብትመቺው ደንግጦ ያፈራል።»
ሌላዋ «ቁረጪው፣ ውሃሽን ይጨርሳል።»
ችንካርና መዶሻ ይዤ ወጣሁ፣ ሲመሽ፣ ሲነፍስበት፤
አበባው ይሸታል፣ የእሳት እራት ሰፍሮበት።
አላፈራም ዛፉ፤ ደግሞም አላፈረም።
ስሙን ሳይመርጥ የመጣ በስሙ አይቀጣም።
ችንካሩን የበር መደገፊያ አደረግኩት፤ ዛሬም እዚያው ነው።

ከግንቡ ወዲያ፣ የመፍቱሃ አንዲት ሴት ዛፍ
ሁለት ዓመት ሙሉ አበባዋን ስታራግፍ፣
ያን ዓመት ያዘች። አንድ አይሉት ሁለት፤
ግንዷን ከበቡት፣ እንደ ጡት፣ እንደ ጡት።
ማንም ምንም አላለም።
አንድ ቅዳሜ ብቻ፣ ልብስ እያሰጣሁ ሳለሁ፣
በግንቡ አናት ላይ የእጅ አምባር ሲንቀጫቀጭ ሰማሁ፤
እጇ ቀድማ ወጣች፣ ጎኑ ቢጫ የጀመረ ፓፓያ ይዛ፦
«እንኪ፤ የልጅሽ ነው።»

ቆረጥኩት። ሆዱ ውስጥ ያው ጥቁር ልጋጋም ዘር፣
ቢቆጠር የማያልቅ፣ ምን እንደሚሆን የማይናገር።
አሸዋ አለ። ጣሳም አለ።
ታናሿ ልጄ ቁጢጥ ብላ ትጠይቀኛለች፣
«እማ፣ ይሄኛው ሴት ነው ወንድ?»
«ቆይ» እላታለሁ፣ «መጀመሪያ ውሃ አምጪ።»