ጋት ከሁለት ጣት

ሠላሳ ዓመት ሙሉ ክር ስቀጥል ኖሬ፣
ጡረታ ሲያስወጣኝ ጓሮዬን ቆፍሬ፣
አራት እንጨት ተክዬ ሽቦ ወጠርሁበት፤
ለአምስት ጥንቸሎች ይኸው አልሁ፣ ቤት።

ደብሪቱ ጎረቤቴ ባጥር አንገቷን ሰዳ፣
«ማን ሊበላው ነው?» አለች፣ «የምን ፍዳ!»
«ሥጋውን ተዪው» አልኋት፣ «በጠጡን ውሰጂ፤
ጎመን ጾም አያውቅም፣ ፍግ ይወዳል እንጂ።»

ቤቱስ ቤት ሆነልኝ፤ ገበታው ነው ጣጣ።
መጀመሪያ ሸክላ፣ ከጓዳ የወጣ፣
ጆሮው የተሸረፈ አሮጌ ድስት ሰጠሁ፤
በማግስቱ ጠዋት ተገልብጦ አገኘሁ።
ፉርሽካው ከሽንት ጋር ተለውሶ ጭቃ፤
ሻሼ ፊቷን ታብሳለች፣ እንደ ሰው አውቃ።
ፕላስቲክ ሳህን ገዛሁ፤ ሌሊቱን ጋጡት፣
ጠርዙን ከርክመው መጋዝ አስመሰሉት።

ነኢማ የልጅ ልጄ ካልጋ ሥር ገብታ
አወጣች ጣሳውን በሁለት እጅ ጎትታ።

የዚያን ዓመት ጣሳ ነው።
ከሸሸንበት ስንመለስ፣ ግድግዳ ብቻ ሲቀረን፣
ፀሐይ ላይ ተሰልፈን የተቀበልነው ዘይት፤
በማንኪያ እየለካሁ ሦስት ወር አደረሰን።
ሲያልቅ አልጣልሁትም። ለምን እንደሆን እንጃ።
አብሮ የተራበ ዕቃ ዘመድ ይሆናል።

ጣሳዬን አቅፌ ደሴ ሽቅብ ወጣሁ፤
ሰኞ ገበያ ዳር ሙሄ ፊት ተቀመጥሁ።
ቆርቆሮ ቀጥቃጩ ሳቀብኝ ሲሰማ፦
«ጥንቸልም በገበታ? ጉድ ነው ለከተማ!»
ሳቁን ሲጨርስ ግን እርሳሱን ሳለና
እንደ ልብስ ሰፊ ይጠይቅ ጀመር በጥሞና፦
«ስንት ነው በላተኛው? ማነው አጉል ጫሪ?
ዓይን አፋር የለም ወይ፣ ኋላ የሚቀር ፈሪ?»
«አለች» አልሁት፣ «ዳማዋ፤ ሲገፏት ዝም የምትል።»
«እንግዲያ ሁለት ገበታ፤ አንዱ ማዶ ይዋል፣
ገፊ በአንድ አፍታ የቱ ጋ ይውላል?»

ጣሳውን ሰንጥቆ፣
ከንፈሩን ወደ ውስጥ ጣት ያህል አጠፈው፣
ምላስ እንዳይቆርጥ፣ ጫሪ እንዳያራግፈው።
ሥሩን በሚስማር ወጋግቶ አረገው ወንፊት፤
«ብናኙ ይርገፍ» አለ፣ «ለሳንባ ነው ጠላት።»
እሱን እንኳ ለኔ ተወው፤
ሠላሳ ዓመት የጥጥ ብናኝ የሳብሁት ነኝ።

ከፍታውን ግን እሱም አላወቀ።
ዝቅ ቢል ገብተው ይሸኑበታል፣
ከፍ ቢል አንገት ተስቦ ያማታል።
ሻሼን ይዤ በእጄ ደረቷን ለካሁ፦
ጋት ከሁለት ጣት። እዚያ ላይ ሰቀልሁ።
በሩ አጠገብ አንዱን፣ እጅ የሚደርስበት፣
ሌላውን በማዶ፣ ዳማ የምትሸሽበት፤
ውሃውን አራቅሁት፣ መኖ እንዳይበሰብስ፣
ድርቆሹን በመረብ ከላይ፣ ወርዶ እንዳይረክስ።
ቋጠሮው የፋብሪካ ነው፣ የክር መቀጠያ ብልሃት፤
ሽቦም ክር ይሆናል፣ እጅ ከለመደበት።

ሁለት ሳምንት ሰላም ሆነ። ዳማም ሥጋ ለበሰች፤
ደብሪቱም ለበጠጡ በአጥር ዘንቢል ሰደደች።

በሦስተኛው፣ አንድ ንጋት፣
የቦርከና ጭጋግ ሳይነሣ፣
የሌሊት ፈረቃ ሳይወጣ፣
ፉርሽካ ልሞላ እጄን ብሰድ
ለስላሳ ነገር ነካሁ።
ሙቅ።
ጥጥ መሰለኝ፤ ከማሽን ያመለጠ ጥጥ።
ሻሼ የሆዷን ፀጉር ነጭታ ነጭታ
ገበታውን ሞልታዋለች፤ ከሥሩ ሰባት ነፍስ፣
ቀይ፣ ዓይኑን ያልገለጠ፣
ሲንቀሳቀስ።

እኔ ለፉርሽካ ለካሁ፤ እሷ ለልጅ።
ልካችን አንድ ሆነ።

ነኢማን ቀሰቀስሁ፤ በጆሮዬ ቆጠረችልኝ።
ያንን የተሸረፈ ድስት አጠብሁና
ሆዱ ውስጥ ድንጋይ ከተትሁ፣ እንዳይገለበጥ።
ሻሼ ከሱ በላች፣ ቅር ሳይላት።

ሰኞ ደሴ እወጣለሁ፣ ሙሄ ዘንድ፣
ለሌላ ገበታ።
የሚሰነጠቅ ጣሳ ግን ቤቴ የለም።
ባይኖርም እሰየው።