የማዘጋጃ ቤቱ ጠንቋይ

ናግፑር ግንቦት ገባ። ገና በማለዳ
አስፋልቱ ለስልሶ ጫማ ከእግር ሲያስከዳ፣
ማንጎ ሻጩ ጋሪውን፣ ጥላ ፍለጋ፣
ከግድግዳ ግድግዳ ሲገፋ፣ ሲጠጋ፣
እኔ ከቢሮዬ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በቁጥር እቀዳለሁ የነገውን ሰማይ።

ሥራዬ ትንቢት ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ጠንቋይ፣
ሞራ የማልገልጥ፣ ጠጠር የማልጥል፣ ኮከብ የማላይ።
የምገልጠው መዝገብ ነው፤ የአሥራ ሁለት ዓመት ሬሳ፣
ማን በስንት ዲግሪ፣ ከየትኛው ሰፈር እንደተነሣ።
ጣሪያው ምን ነበረ? ቆርቆሮ? ወይስ ሸክላ?
ከደጁ ዛፍ አለ? ለእግር ብቻ እንኳ ጥላ?
ሌሊቱስ በረደ? ወይስ ግድግዳው
ቀን የጠጣውን እሳት ሲተፋ አደረው?
(ሰው የሚገድለው ቀትር ይመስለናል፤
ቀትር ያቆስላል እንጂ ሌሊት ይጨርሳል።)
ይህን ሁሉ ፈጭቼ፣ ነፍቼ፣ አጥልዬ
ካርታ እቀባለሁ፤ ይኸው ነው ሙያዬ፦
ቢጫ ላብ ለሚያጠምቀው፣ ብርቱካናማ ራሱ ለሚዞርበት፣
ቀይ ደግሞ ነገ አንድ ሰው ለሚጎድልበት።

አምና ግን ሳትሁ።
ከሐዲዱ ማዶ፣ ቢጫ ቀብቼ ባለፍሁት ሰፈር
ኢንዱማቲ ሞተች፤
ትንባሆ በቅጠል ጠቅላይ፣ በሺህ ጥቅል የምትከፈል።
ቤቷ መብራት አለው፤ ጽፌአለሁ።
ጣሪያዋ ላይ ማራገቢያ አለ፤ ጽፌአለሁ።
ያልጻፍሁት፦
ማራገቢያው ከዞረ ትንባሆው ይበተናል፣
ትንባሆው ከተበተነ ቀኑ ባዶ ነው፣
ስለዚህ ታጠፋዋለች።
ይህን ማንም አልነገረኝም።
ማንንም አልጠየቅሁም።

የነገረችኝ ማንዳኪኒ ናት፣ የሰፈሩ ጤና ሠራተኛ፣
ጃንጥላዋ የተጣፈ፣ አንደበቷ ቀጥተኛ፦
«ካርታህ ደኅና ነው» አለች፣ «ሰማዩን አጥርተሃል፤
በር ማንኳኳት ቀርቶብህ ነው እንጂ ምን ጎድሎሃል?»

ዘንድሮ አብሬያት ዞርሁ።
ዳቦ ጋጋሪውን ከምድጃው አፍ ላይ
ሽንቱ ምን እንደሚመስል ጠየቅሁ፤ ሳቀብኝ፣ ከዚያ ነገረኝ።
መጸዳጃው ሩቅ ስለሆነ
እስከ ማታ ውኃ የማትቀምስ ልጃገረድ አየሁ።
ከወበቁ ይልቅ ሌባውን ፈርታ
መስኮቷን በሚስማር የመታች መበለት አየሁ።
ለደም ግፊት የሚዋጥ ክኒን
ከገላ ውኃ እንዴት እንደሚሰርቅ ተማርሁ።
ይህም ሁሉ ዲግሪ ነው፤ ቴርሞሜትር የማያነበው።

ማክሰኞ ለሐሙስ አርባ ሰባት ወጣ፤
የዲጋምበር መንደር ቀይ ሆኖ መጣ።
ሰዓት ጠጋኝ ነው፣ ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ፣
ቆርቆሮ ጣሪያው፣ ክኒን ምሳ ራቱ።
ማንዳኪኒ አንኳኳች። ሰደባት። ደግማ አንኳኳች።
እየተራገመ፣ ክንዱን ይዛ ወሰደችው
ወደ ትምህርት ቤቱ አዳራሽ፣
ነፋሱ በእርጥብ ሣር አልፎ ወደሚገባበት።
ሁለት ሌሊት አደረ።

ቅዳሜ ቢሮዬ መጣ፤ ደረጃውን ሁሉ በእግሩ ወጥቶ።
«ጠንቋዩ አንተ ነህ? ‹ትታመማለህ› ያልኸኝ?
ይኸው ሦስት ፎቅ ወጣሁ! ምን ነካኝ? ምን ያዘኝ?
የደንበኛ ሰዓት ሁለት ቀን አስቁመህ፣
ውሸታም! ውሸታም! ደሞዝ እየበላህ!»

«አዎን ጌታዬ» አልሁት። ወንበር ሳብሁለት።
ምን ልበለው?
ትንቢት ሲሠምር አስከሬን ይቆጠራል፤
ሲከሽፍ፣ የተረፈውን ማን ይቆጥራል?
ላልሞተ ሰው የሚሆን ዓምድ መዝገቡ የለውም።
ከውሸታም የበለጠ ሹመት እኔ አልተመኘሁም።

ውኃ ጠጣ። ዙሪያውን ቃኘ።
ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ሰባት ደቂቃ ዘግይቷል።
«ይኸም ይዋሻል» አለና
ወንበሩ ላይ ቆሞ አወረደው፣ በጋዜጣ ጠቀለለው፣
ብብቱ ሥር ከተተው።
«ነገ ና፣ ውሰድ።»

ነገ፦ አርባ ስድስት ነጥብ ሁለት። ቀይ።
በሩን የማንኳኳበት ሰበብ አገኘሁ።