በፊደሎቹ መሐል

ጦሳ ጉም ተከናንቦ፣ ከተማው ሳይነቃ፣
አንዲት ሰማያዊ ዲኤክስ፣ በሰም ተጨማልቃ፣
ቧንቧ ውሃ ጥግ፣ ከባልዲዬ አጠገብ፣
ቆማ ጠበቀችኝ፣ እንደ ዳቦ ተራ ሕዝብ።

ስንዱ ናት ያመጣቻት፤ ገና ከል አልፈታች፤
«የአባቴ ነበረች፤ ልትሸጥ ነው» አለች፤
«ወንድሜ ነው ትናንት፣ በማታ፣ በችኮላ፣
ዋጋ ይጨምራል ብሎ ሰም የቀባት በሞላ፤
ዛሬ ብታይ ነጭ ነው፣ ስንጥቁ ሁሉ ሞልቷል፤
በየፊደሉ መሐል የጥርስ ሳሙና መስሏል።
ገዢው ስድስት ሰዓት ይመጣል።»

እውነቷን ነው። በእጀታው ሥር፣ በመስኮቱ ጎማ፣
በፍሬቻው ዙሪያ፣
ነጩ እንደ ጉም ገብቷል፣ ሳያንኳኳ፣ ሳይሰማ።

ሐረጎን ወርደን ቢሆን፣ ኮምቦልቻ ሜዳ፣
ፀሐዩ ያላላው ነበር፣ ያለ ብዙ ፍዳ፤
ደሴ ግን ብርድ ነው፤ ሰሙ እንደ እንግዳ
አንዴ ከገባ አይወጣም፤ ይለማመዳል ጓዳ።

ሙሄ ነው ያስተማረኝ፤ «ሚስማር አታስነካው፤
አንዴ ለተጫረ ቀለም ይቅርታ አይሞላው፤
ለብ ባለ ውሃ አርሰህ፣ ቀስ ብለህ አባብለው፤
የልጅ ጆሮ በለው፤
አትጎርጉረው!»

ብርዱ ጣት ይቆርጣል። ከሻይ ቤቷ ከፋጡማ
አንድ ጆግ ሙቅ ውሃ ለምኜ፣ አራስሁት ጎማ በጎማ፤
ሲላላ ያስታውቃል፤ ነጩ ግራጫ ይሆናል፤
ስንጥር ላይ የጠቀለልሁት ጨርቅ ይለቅመዋል።
ለፊደሎቹ ግን ከኪሴ መዘዝሁ የወይራ መፋቂያ፣
ጫፉን አኝኬ አኝኬ ሆነልኝ መጥረጊያ።

«ቲ»ን ባግድሟ ፋቅኋት፤ «ኦ»ን ዞርሁ በክቡ፤
ሦስተኛዋን «ዋይ!» ብል፣ ሰዎች ተሰበሰቡ።
«ፊደል ነው እንጂ» አልሁ፤ ሳቁና ሄዱ፤
አልሳቀችም ስንዱ።

የነዳጁን ክዳን ከፍቼ፣ ማጠፊያው ሥር ስገባ፣
የባቲ አቧራ አለ፣ የወረኢሉ ጭቃ፤
ማን እንደተዳረ እንጃ፣ ያንድ ሠርግ አበባ፣
ከቅባቱ ጋር ደርቃ።

የአማርኛ መምህሬ፣ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ፣
«ሰሙን ግፈፉ፣ ወርቅ አለ» ይሉን ነበር፤ አምኛለሁ።
ከፓራፋንጎው ጥግ ሰሙን ገፍፌ ባየው
ስቱኮ ነው ያለው፤
ከስቱኮው ሥር ዝገት።
ወርቁን ማን ወሰደው?

ከሹፌሩ በር እጀታ፣ ጣት ከሚገባበት ጎድጓዳ፣
አውራ ጣት አገኘሁ፣ በሰሙ ላይ የተቀዳ፤
መስመሩ ሁሉ ጉልህ፣ እንደ ማሳ ትልም፤
እጄ ቆመ። ይህንስ እኔ አላጥበውም።
ስንት ዓመት ከፍቶታል ይህንን በር ሟቹ!
ሐረጎን በጭጋግ ያወረዷት እጆቹ
እዚህ ቀርተው ይሆን?
«ነይ እዪው» ብዬ ጠራኋት፤ ኮፍያዬን አወለቅሁ፤
እንደ ለቅሶ ደራሽ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ።

ጎንበስ ብላ አየችው፤ መፋቂያውን ወሰደች፤
«አባቴ ሰም አያውቅም፤ በውሃ ብቻ ነው» አለች፤
«ይሄ የወንድሜ ነው፣ የትናንት ማታ ጣት፤
የቤቱን ስም ሲያዞር ቀለም የነከራት።»
ፋቀችው በራሷ። ቀስ ብላ አይደለም።
ሙሄ ቢያይ ይጮህ ነበር፤ እኔ አልከለከልሁም።

ስድስት ሰዓት አልፎ ገዢው መጣ ከሐይቅ፤
ጎማ መታ በእግሩ፤ ዘይት አየ፤ ጭቅጭቅ፤
ፊደሎቹን አላየ። እጀታውንም አላየ፤
በዚያው እጀታ ከፍቶ፣ ነድቶ ተለየ።

ማታ ለራት ስታጠብ፣ ዘምዘም እጄን አየች፤
«ከጥፍርህ ሥር ያለው ነጭ ጄሶ ነው ወይ?» አለች።
«ሰም ነው።»
«እና አውጣዋ!»
ኪሴን ባገላብጠው መፋቂያዬ የለም፤
ስንዱ በእጇ እንደያዘች ሄዳለች።
አልጠየቅኋትም።